ሻለቃው በሹክሹክታ የተናገረው

ጥሩሐረግ ምንይሉ የምትኖረው ሰቆጣ ውስጥ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ሥራዋ ፍየል ማሻሻጥ ነው። ከአበርገሌ ቆላ ፍየል እየነዱ ለሚመጡት ገበሬዎች የሚቀናቸው የዋግ አገው ቋንቋ፣ ኽምጣና ነው። ሙክት የሚገዙት የሆቴል ሰዎችና በመኪና የሚጭኑት ነጋዴዎች ደግሞ ከአማርኛ በቀር ሌላ አያውቁም። እሷ በመሀል ቆማ ታስማማቸዋለች። ኽምጣናን ከእናቷ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ትግርኛን ከኒሯቅ ገበያ ነው የተማረችው። ስትናገር አገጯ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ አንዳንድ ቃል ላይም አፏ አልገጥም ይላታል። የማያውቃት ሰው አብሯት የተወለደ ይመስለዋል። አብሯት የተወለደ አይደለም፤ የጠመንጃ ሰደፍ ነው።

የነገረችኝ ተናድዳ ነው። እኔም የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሁለታችንም ንዴታችን እስኪበርድ ብንጠብቅ ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር።

አባቷ ምንይሉ በደርግ ጊዜ ጫካ ከገቡት ታጋዮች ጋር የተሰለፉ ሰው ነበሩ። ታጋዮቹ ቆላ ሲወርዱ አገሩን አያውቁትም፤ ሕዝቡንም በቋንቋው የሚያናግርላቸው ሰው አልነበራቸውም። ምንይሉን አገኙ። ያን ጊዜ የነገሯቸውን ነገር ምንይሉ እስኪሞቱ ድረስ ቃል በቃል ይደግሙት ነበር፤ ከእንግዲህ የኽምራ ሰው በገበያና በፍርድ ቤት በቋንቋው አይሳቅበትም፣ ልጆቹም በቋንቋቸው ይማራሉ ብለዋቸው ነበር። ምንይሉ አምነው ሄዱ። ታናሽ ወንድማቸውንም ይዘው ሄዱ። ወንድማቸው ከዋግ ርቆ አንድ ተራራ ላይ ቀረ፤ የትኛው ተራራ እንደሆነ የሚያውቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምንይሉ እግራቸውን እየጎተቱ ተመልሰው ማረሻቸውን ጨበጡ።

የተነገራቸው ሁሉ ውሸት ነበር አይባልም። አስተዳደሩ በሕዝቡ ስም ተጠራ፣ ልጆችም በኽምጣና ፊደል ቆጠሩ። ምንይሉ ይህን እያዩ ይጽናኑ ነበር። ለልጃቸው ደጋግመው የሚነግሯት ግን ሌላ ነገር ነበር። የኛ ቤት ድርሻውን ከፍሏል፣ ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ከዚህ ቤት ሰው አይጠራም ይሏት ነበር። ጥሩሐረግ ይህን ስትናገር ትስቃለች። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

ካሤን ያገባችው ከኒሯቅ በታች ባለችው መንደራቸው ነው። ካሤ ጥቂት ተናጋሪ፣ ፍየሎቹን አንድ በአንድ በስም የሚጠራ ሰው ነበር። የሚሊሻ አባል የሆነው ቀበሌው ሰው ሲፈልግ እምቢ ማለት ስላፈረ ነው። ሁለት በሬዎቹን ሸጦ ክላሽ ገዛ። በሰላሙ ጊዜ የሚሊሻ ሥራ ገበያ መጠበቅ፣ የጠፋ ከብት መፈለግ፣ ሰርግ ላይ የሰከረ ማስታረቅ ነው። ካሤ በዚያ ክላሽ ሰው ላይ ተኩሶ አያውቅም ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ሲጀመር ሚሊሻው ተጠራ። የራሱን ጠመንጃ፣ የራሱን ስንቅ፣ የራሱን ብርድ ልብስ ይዞ ነው የሄደው። ካሤ ያደረገው ኮንጎ ጫማ ነበር። መደበኛ ወታደሩ ቡትስ፣ የብረት ቆብና የቁስል ማሸጊያ አለው፤ ሚሊሻው ኮንጎ ጫማ አለው። ግንባሩ ግን አንድ ነው፤ ጥይቱም ጫማ አይቶ አይመርጥም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ጥሩሐረግ ስለ ጫማው ብዙ አትናገርም።

በዚያው ዓመት ክረምት ሌላ ጦር ተከዜን ተሻግሮ መጣ። ሚሊሻው ወደ ጋዝጊብላ ደጋ አፈገፈገ፤ ካሤም አብሮ ወጣ። ጥሩሐረግ ታማ የተኛች እናቷንና ሁለት ልጆቿን፣ ወንዳወቅንና ምሕረትን፣ ትታ መሄድ ስላልቻለች ቀረች። የመጣው ጦር የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ትግርኛና ኽምጣና አጣምሮ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ። ማንም ስሟን አልጠራም። ሁሉም ግን ዞሮ አያት፤ በዚያም ታወቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦሩ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ከመኮንኑ ጎን ትቆማለች። የምትተረጉመውም በራሷ መንገድ ነበር። መኮንኑ እህል የደበቀ ይቀጣል ሲል፣ እሷ በኽምጣና ርቧቸዋል፣ ፍተሻ ሊገቡ ነው፣ ጥቂቱን ደጅ አውጡላቸው፣ ያን ጊዜ ጓዳ አይገቡም ትላለች። የሚሊሻ ቤተሰብ ይለይ ሲል፣ እሷ የሞቱትን ሰዎች ስም ጥሩ፣ ከሞተ ሰው ማንም ምንም አያገኝም ትላለች። ሰው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማታል። መኮንኑ ሕዝቡ የታዘዘውን በመስማቱ ደስ ይለዋል። የራሷ ባል ሚሊሻ መሆኑን ከመንደሩ ሰው ማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያ መንደር በዚያ ክረምት ቤት አልተቃጠለም። እህልና ፍየል ግን ተወስዷል፤ ከእሷም ተወስዷል።

ጦሩ ሲወጣ ሌሎች ገቡ። እነዚህ የኛ ናቸው የተባሉት ናቸው። የገቡ ዕለት ለጠላት አፍ የነበረችው ሴት የቷ ናት ብለው ጠየቁ። መንደሩ ሊያስረዳላቸው ሞከረ፤ የሚሰማ አልነበረም። ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዲት ክፍል ውስጥ ዘጉባት። ግድግዳው ላይ የኽምጣና ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይም ክረምት ከመግባቱ በፊት የተጻፈ የልጆች ትምህርት ነበር። አባቷ የታገሉለት ትምህርት ቤት ማለት ይህ ነበር፤ ለእሷ እስር ቤት ሆኖ ጠበቃት።

የካሤን ሞት የሰማችው እዚያ ነው። የነገራት የሚመረምራት ሰው ነው፤ ያውም ሊያረዳት ብሎ ሳይሆን ሊሰድባት ብሎ ነው። ባልሽ አንቺ አፍ ከሆንሽላቸው ሰዎች ጋር ሲዋጋ ሞተ፣ አታፍሪም ወይ አላት። የሞተው መስከረም ውስጥ ነበር። በመስከረም ከደጋው በኩል የተኩስ ድምፅ ይሰማ እንደነበር፣ እሷም ፍየል እያለበች አዳምጣው እንደነበር ትዝ አላት። ባሌን እንዳለቅስ ልቀቁኝ አለች። ምርመራው ሲያልቅ ተባለች።

“እኔ ከጎናቸው የቆምኩት እኮ መንደሩ እንዳይቃጠል ነው፤ እሱም የሞተው ለዚያው ነው” አለችው መርማሪውን። “ታዲያ እሱን ጀግና፣ እኔን ባንዳ የሚያደርገን ምንድን ነው?”

ወደ ክፍሏ መለሳት። ለቅሶዋን ከልጆች መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። በመጨረሻ የመንደሩ ቄስ ዋስ ሆነው አስፈቷት። ስትወጣ ተዝካሩ የሚወጣበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

ጦርነቱ ከአበርገሌ አልወጣ ሲል እናቷን ቀብራ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለች። መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ፣ በኋላ እኛ ግቢ ገባች። አንድ ቀን ለሞቱት ሚሊሾች የመታሰቢያ ዝግጅት ተደርጎ ጠሯት። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ጋቢ ደረቡላት። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ የዋግ ሕዝብ ጀግንነት ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ ተተረከ። ንግግሩን ያደረገው ሰው ከመድረክ ሲወርድ ባሌ የት ነው የተቀበረው ብላ ጠየቀችው። በክብር አርፏል አላት። የት ነው ያረፈው አለችው። በክብር አለ ደግሞ፤ ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው ጋቢ አለፈ።

ጋቢውን ለብሳው አላየሁም።

እዚህ ድረስ ያለው የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ከኒሯቅ፣ ከፃግብጂ፣ ከጋዝጊብላ የመጣ ሁሉ ቢቀየር እንደሆነ ስሙ ነው የሚቀየረው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእሷ ብቻ ነው።

ሌላ ጦርነት መጣ። ያኛው አለቀ ሲባል ይኸኛው ተጀመረ። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች ገበያ ድረስ መጥተው እት ጥሩ ማን ናት አሉ። የየትኛው ወገን እንደነበሩ እዚህ አልጽፍም። ብጽፍ አንባቢው ግማሹ ይደሰትና ግማሹ መጽሐፉን ይወረውረዋል፤ ሁለቱም ታሪኩን አይሰሙትም። እሷም ስትናገር የሁሉም ንግግር አንድ ስለሆነ መለየቱ አይጠቅምም ትላለች። ፃግብጂ ውስጥ ሩቅ ያለ ቀበሌ ስለ ዕርዳታ ስንዴ ስብሰባ አለ፣ ሽማግሌዎቹ በኽምጣና ሲነገራቸው ነው ደስ የሚላቸው፣ አብረሽን ሂጂ አሏት። መጀመሪያ እምቢ አለች። ስንዴ ነው ሲሏት፣ ሰዎቹ በርግጥም ተርበው እንደነበር ስለምታውቅ እሺ አለች። መኪና ላይ አብሯት የተሳፈረውን አለቃቸውን ሻለቃ ይሉታል፤ ወፈር ያለ፣ ጥርሱ ያማረ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ፍየል ዋጋ እየጠየቃት የሄደ ጨዋ የሚመስል ሰው ነበር።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ወይራ ሥር ነበር። ሰው ከዙሪያው ተራራ በእግሩ መጥቷል። ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል፣ ጎረምሳው ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስንዴ የሚባል ነገር አልተነሣም። ሻለቃው ተነሥቶ የዋግ አገው የጀግና ዘር ነው አለ፤ ነገሥታት የወጡበት፣ ዓለት ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የሠራ፣ ለማንም ያልተንበረከከ ሕዝብ ነው አለ። ዛሬ ታሪክ እንደገና ጠርቶታል፣ ከየቤቱ አንድ ወጣት ይሰጠን አለ።

ጥሩሐረግ ተታልላ እንደመጣች ገባት። ግን ተረጎመች። እሱ ያለውን፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ ተረጎመች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ስለ ነገሥታቱ ሲነገር ከኋላ ከተቀመጡት ጎረምሶች አንዳንዶቹ ቀና ቀና አሉ፤ ይህንን አየችው፤ ከሁሉ የበለጠ ያቃጠላትም ይህ ነበር።

በመሀሉ ሻለቃው ውኃ ሊጠጣ ቆም ሲል ምክትሉ ጠጋ ብሎ ስንት ሳምንት እናሠልጥናቸው ብሎ በዝግታ ጠየቀው። ሻለቃው ጠርሙሱን ከአፉ ሳያርቅ በሹክሹክታ መለሰለት። ከእነሱ ክንድ ሳትርቅ የቆመችው ጥሩሐረግ ናት።

“ምን ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል? ተራራ ለምደዋል፤ ከፊት አሰልፋቸው። ፈንጂ ካለም እነሱ ይረግጡታል፣ የኛ ልጆች ከኋላ ይገባሉ። ቢያልቁስ ማን ይጠይቀናል።”

ከዚያ ጠርሙሱን ከድኖ ወደ ሕዝቡ ዞረና ተርጉሚ እንጂ አላት። መተርጎም የነበረባት ቀደም ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረውን፣ እናት አገር ውለታችሁን አትረሳም የሚለውን ነበር።

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በኽምጣና እንዲህ አለች፦ “አሁን የምነግራችሁን ይህ ሰው ለእናንተ ብሎ አልተናገረም። ለጓደኛው ነው በጆሮው የነገረው። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።” ከዚያም ሥልጠናውን፣ ፊት መሰለፉን፣ ፈንጂውን፣ ከኋላ የሚገቡትን ልጆች፣ ማን ይጠይቀናል የሚለውን፣ አንዱንም ሳታስቀር ተረጎመች።

ሻለቃው የምትለውን አያውቅም። ድምፅዋ ሲግል ስለ እናት አገር መስሎት ጭንቅላቱን ይነቀንቅላታል። ይህን ስትነግረኝ ጥሩሐረግ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት የተናደደችበት ቀን እንደሌለ ነግራኛለች።

የደብሩ አገልጋይ ቄስ አሥራተ ማርያም ብድግ ብለው በኽምጣና፣ በዚህ በቆምሽበት ቅጥር ይህን ብሏል ብለሽ ትምያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እምላለሁ፣ ካሤ በተቀበረበት በማላውቀው አፈር እምላለሁ አለች። ቄሱ ተመልሰው አልተቀመጡም። ከሴቶቹ መሀል እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ።

“ልጆች፣ ቤታችሁ ግቡ” አሉ።

ይኸው ነበር። ማንም አልጮኸም፣ ድንጋይ ያነሣም የለም። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ እየተነሡ በቅጥሩ በሮች ወጡ። ሻለቃው ምን ሆኑ፣ ምን አልሻቸው እያለ ጠየቃት። የነገርካቸውን ነገርኳቸው አለችው። እርስዎ ማለቱን ያን ጊዜ ተወችው። ከሻለቃው ጠባቂዎች አንዱ የሰቆጣ ልጅ ነበር፤ ኽምጣና ይሰማል። እስከዚያ ድረስ ጫማውን እያየ ዝም ብሎ ነበር። ሻለቃው ወደ እሱ ዞሮ ምን አለች ሲለው ግን ነገረው። ጥሩሐረግ በዚህ ልጅ አትፈርድበትም፤ እሱም እንደኔው የሰማውን ተረጎመ ነው የምትለው።

ሻለቃው ራሱ አልነካትም። በዓይኑ ለሌላው ጠባቂ ምልክት ሰጠው። ሰደፉ አገጯ ላይ አረፈ፤ ስትወድቅ ደግሞ ትከሻዋን ደገማት። የወጡት ሴቶች ድምፁን ሰምተው ተመለሱና ላይዋ ላይ ተኙ። ወንዶቹም ከየቤታቸው ጠመንጃቸውን ይዘው ብቅ ብቅ ሲሉ ሻለቃው መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እሷን በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሷት። ሰቆጣ ሆስፒታል አገጯን በሽቦ አሰሩት።

ከዚያች ቀበሌ በዚያ እሑድ አንድም ወጣት አልሄደም። ይህንን ስሰማ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ጥቂቶቹን ከገበያ መንገድ ላይ አፍሰው ወሰዷቸው። ያን ጊዜ ሕዝብ አልሰበሰቡም፤ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም።

ወንዳወቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናቱ አፏን መክፈት በማትችልበት ጊዜ አጥሚቱን በቀጭን ማንኪያ በጥርሷ ክፍተት እያፈሰሰ ያበላት እሱ ነው። ደብተሩን ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ገጹን ግን ሲገልጥ አላየሁትም። እሷ የማትናገርበት ጊዜ ስለነበር አይዞህ የሚለው ቃል ከእሷ አልወጣም። እኔ ብዬዋለሁ፤ ከእኔ መስማት ያለበት አልነበረም። አንድ ጠዋት ምሕረት እያለቀሰች በሬን አንኳኳች። ወንድሟ ልብሱን ይዞ ሄዷል። የሄደው ሻለቃውን ወደሚወጉት ወገን ነው።

ጥሩሐረግ ሽቦው እንደተፈታላት ልጇን ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሰዎቹ የጦር ሰፈር ሄደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ያነጋገረን አዛዥ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። እርስዎ ነዎት እንዴ ያቺ ጀግና አላት። ወንበር አቀረበላት፣ ለስላሳ አስመጣላት። የእርስዎን ታሪክ በየቀበሌው እንናገራለን፣ የአገው እናት አገጯን ተሰብራ ልጆቿን አላሳልፍም አለች እያልን ስንነግራቸው ወጣቱ እየተነሣ ይመዘገባል፣ ልጅዎም የተመዘገበው እኛ ስለ እርስዎ ስንናገር ሰምቶ ነው አላት። ይህን ሁሉ የሚላት በደስታ ነው። ሊያስደስታት ነው።

ጥሩሐረግ ለስላሳውን አልነካችም። ልጄን መልስልኝ አለችው። ዕድሜው ደርሷል፣ በፈቃዱ ነው የመጣ፣ እኛ አላስገደድንም አለ። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አበርገሌ በኩል ቅስቀሳ አለን፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው በኽምጣና ቢናገሩልን አላት።

ፊቷን አየሁት። አገጯ ተንሸራቶ ቃሉ እስኪገጥምላት ጥቂት ቆየች።

“እኔ የተሰበርኩት ማንም እንዳይሄድ ብዬ ነው” አለችው። “የሰበሩኝ እነዚያ ናቸው። ስብራቴን ይዛችሁ ልጅ የምትገዙበት ግን እናንተ ናችሁ።”

አዛዡ አልተቆጣም። ስሜትዎ ይገባኛል አለ። ጥሩሐረግ ከሁሉ የምትጠላው ይህን ቃል ነው።

ልጁን ግን አስጠራልን። ወንዳወቅ ዩኒፎርም ለብሶ መጣ፤ ሰፍቶት ነበር። እግሩን አየችው፤ ጥሩ ቡትስ አድርጓል። እሱ አቅፎ ሊስማት ሲል ጠመንጃውን አስቀምጥ አለችው። ማስቀመጥ አይፈቀድልኝም አላት። እንግዲያው አልስምህም አለች። በአጥሩ ሥር ቆመው ተነጋገሩ። እኔ ራቅ ብዬ ነበር፤ የተባባሉትን የነገረችኝ እሷ ናት።

“እማ፣ ለአንቺ ብዬ ነው” አላት።

“እኔ መቼ ላክሁህ?”

“ያደረጉሽን አይቼ ዝም ልበል?”

“እኔን የመታኝ ልጅ የአንተ እኩያ ነው። አንተ የምትገድለው እሱን ነው፤ ሻለቃው ከኋላ ነው የሚገባው። ይህንን ሲወራ ሰምተህ አልነበረም እንዴ? ሕዝብ ፊት የተረጎምኩት ይህንኑ አልነበረም እንዴ?”

ወንዳወቅ አሁን ብወጣ ከዳተኛ ይሉኛል፣ ይይዙኛል አላት። ይህም እውነት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ተጠራና ሄደ። ሳትስመው ተመለሰች። ስለዚህ ነገር ጠይቄያት አላውቅም።

መንገድ ላይ ስንመለስ ጮክ ብላ ስትናገር ነበር፤ ለእኔ አልነበረም። በኽምጣና ነው፣ እኔ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ብቻ ነው የምሰማው። የአባቷን ስም ሰማሁ። የካሤን ስም ሰማሁ። የሌሎችም ብዙ ሰዎች ስም ነበር፤ የማላውቃቸው፣ ምናልባትም ከእሷ በቀር ማንም የማያውቃቸው። ከዋግ እየወጡ ለማን ለማን እንደሞቱ ያልተነገረላቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አስባለሁ። ተርጉሚልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም።

አሁን ገበያ ትሄዳለች፤ ፍየል ታሻሽጣለች። የታጠቀ ሰው፣ የየትም ይሁን፣ ግቢያችን ውስጥ ሲገባ በሩን ትዘጋለች። አንድ ቀን የስብሰባ ጥሪ ይዞ የመጣ የቀበሌ ሠራተኛ ጀግናዋ እናታችን ሲላት የያዘችውን የፍየል ገመድ ወርውራበት ነበር። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ምሕረት ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ጀግንነት የተጻፈ ግጥም እንድታነብ ተመርጣ መጥታ ስትነግራት፣ አታነቢም አለቻት። ምሕረት አኮረፈች። ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም።

ወንዳወቅ እሑድ እሑድ ይደውላል። ስልኩን ታነሣለች፤ እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ትሰማና ትዘጋዋለች። እንደማትናገረው ያውቃል፤ ግን ይደውላል። የሚላትም ብዙ አይደለም፤ ደኅና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ቦታ ቀየርን ይላታል።

ባለፈው እሑድ አልደወለም። ኔትወርክ ተቋርጦ ይሆናል አልኳት፤ በእኛ አካባቢ መቋረጡ አዲስ ነገር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ተነሥታ ወደ ጦር ሰፈሩ በር ሄደች፤ ማክሰኞም ሄደች። ዘቡ ነገ ተመለሺ ይላታል። ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ በሦስቱም ቋንቋ ልጄ የት ነው እያለች ትጠይቃለች። አንዳንዱ ያዝንላታል፣ አንዳንዱ መንገድ አትዝጊ ይላታል። ዛሬም እዚያው ናት። ምሕረት ምሳዋን ቋጥራ ወስዳላታለች።